ጢስ ዓባይ ፤ የፏፏቴው አፈጣጠርና በአጠገቡ የሠሩ ሰዎች ታሪክ

ወንዝ መንገደኛ ነው፤ ፏፏቴ ግን ሲያዩት በአንድ ስፍራ የቆመ ይመስላል። አባቶቻችን ያዩትን፣ እኛም የምናየውን፣ ልጆቻችንም ነገ የሚያዩትን ፏፏቴ እንደ ተራራ ጸንቶ የሚኖር ነገር አድርገን እንገምተዋለን። ጠባዩን የመረመረ ሰው ግን ፏፏቴ ከስፍራው የሚሸሽ፣ አንዳንድ ዘመን የሚደርቅ፣ ደግሞም ተመልሶ የሚፈስ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ በፏፏቴ አጠገብ ድልድይ ወይም ፋብሪካ ሊሠራ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገር ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛው፣ ሥራዬን የማቆምበት ዐለት ምን ያህል ይጸናል? የሚለው ነው። ሁለተኛውም፣ ከዚህ ውኃ ምን ያህሉን እወስዳለሁ፤ ምን ያህሉንስ እተዋለሁ? የሚለው ነው።

ክቡራን አንባቢዎች! ለዚህ ጕዳይ ከጢስ ዓባይ የተሻለ ምስክር በአገራችን አይገኝም። በዚህ ስፍራ ባለፉት 400 ዓመታት ሁለት ወገን ሠሪዎች ሠርተዋል። ፊተኞቹ በ17ኛው መቶ ዓመት ከፏፏቴው በታች የድንጋይ ድልድይ አቆሙ። ኋለኞቹ ከ1964 ዓመት ወዲህ ከፏፏቴው በላይ ቦይ ቈፍረው የኤሌክትሪክ ኀይል አወጡ። ፊተኞቹ የዐለቱን ጥያቄ በሚገባ መልሰዋልና ሥራቸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ኋለኞቹም የዐለቱን ጥያቄ መለሱ፤ የውኃውን ጥያቄ ግን ሳይመልሱ አቈዩት። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን በየተራው ማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በባሕር ዳር አጠገብ ከወጣ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በጸጥታ ይጓዛል። ከዚያም ድንገት መሬቱ ይከዳውና 40 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል። በክረምት መጨረሻ ውኃው ሲሞላ የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከግርጌው የሚነሣው የውኃ ብናኝ ከሩቅ ለሚያየው ጢስ ይመስላል፤ ሕዝቡም ስለዚህ ጢስ ዓባይ፣ ደግሞም ጢስ እሳት ብሎ ጠራው። የሚያስደንቀው ነገር በአፍሪካ ደቡብ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለውን ታላቅ ፏፏቴ የአገሩ ሰዎች ሞሲ ኦ ቱኒያ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የሚያጓራ ጢስ ማለት ነው። ዴቪድ ሊቪንግስተን የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1855 ዓመት ደርሶ በንግሥቱ ስም ቪክቶሪያ ብሎ ሰየመው እንጂ የጥንት ስሙ ይህ ነበር። እርስ በርሳቸው ያልተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች አንዱን ነገር አይተው አንዱን ስም አወጡለት።

ይህ ፏፏቴ ከየት መጣ? ብለን ብንጠይቅ፣ የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት መልሱን ከእሳተ ገሞራ ያመጡታል። ደጋው የኢትዮጵያ ምድር በአብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል አስቀድሞ ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ እንደ ምንጣፍ በተደራረበ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። ይህ ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ከዚያ በኋላም፣ በምድር ዕድሜ ሲቈጠር ቅርብ በሚባል ዘመን፣ ከጣና በስተደቡብ አዲስ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ ወንዙ ይወርድበት የነበረውን ጥንታዊ ሸለቆ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ሞላው። ሸለቆውም ስለ ተደፈነ ውኃው በስተኋላው ተጠራቅሞ የጣናን ሐይቅ ከፍ አደረገው። እንግዲህ ጣና በተፈጥሮ ግድብ የተገደበ ሐይቅ ነው ማለት ነው። ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ጥቂት ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ዓባይም ከዚህ ከተፈጥሮ ግድብ በላይ ተርፎ ሲወጣ በባዛልቱ ላይ ይጓዝና ጠርዙ ሲደርስ ይወድቃል። የደን ዛፍ የምትመግበው፣ መነኮሳቱ በደሴቶቹ ላይ የሚኖሩባት ጣና፣ መንገደኛውም የሚደነቅበት ፏፏቴ፣ ሁለቱም የአንድ እሳት ሥራ ናቸው።

የቀለጠው ድንጋይ ሲበርድ ይኰማተራል፤ ሲኰማተርም ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቅና እንደ ዓምድ ቆሞ ይቀራል። ውኃ ከላይ በወደቀ ቍጥር ግርጌውን ይቦረቡራል፤ ጠጠሩንም እያሽከረከረ ጕድጓዱን ያጠልቃል። ግርጌው ሲጐድል ከላይ ያለው ዓምድ ድጋፍ ያጣና ይናዳል። የተናደውን ጎርፍ ይጠርገዋል፤ ፏፏቴውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላው፣ ወደ ምንጩ ይሄዳል። ይህ በሁሉም ፏፏቴ የሚሠራ ሕግ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የናያጋራ ፏፏቴ በ12,000 ዓመት ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላው ሄዶ ያለፈበትን መንገድ በገደል አመልክቷል። እንግዲህ ከፏፏቴ በታች የምናየው ጠባብ ገደል የፏፏቴው አሻራ ነው፤ ፏፏቴው ዛሬ የቆመበትም ስፍራ የነገ ገደል ነው። በጠርዙ አጠገብ የሚሠራ ሰው ይህን ቢዘነጋ ሥራው ከጊዜ በኋላ ከጠርዙ ጋር ይወርዳል።

ፏፏቴ አጥርም ነው። ከታች የሚኖር ዓሣ 40 ሜትር ዘልሎ ሊወጣ አይችልም። ከዚህም የተነሣ ባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን በጣና ውስጥ ተለይቶ በመቅረቱ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዐሥራ አምስት ያህል ዓይነቶች ሆኖ ተከፍሏል። ሊቃውንቱ ይህን የመሰለ የዚህ ወገን ዓሣ ስብስብ በሌላ ሐይቅ ዛሬ ሳይጠፋ አልቀረም ይላሉ።

ደግሞ ከሐይቁ ወለል የተቈፈረው ደለል ሌላ ምስጢር ገልጿል። ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ በአፍሪካ ላይ ታላቅ ድርቅ ወርዶ ጣና ደርቆ ነበር። ዝናሙ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሐይቁ እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ ተረፈ። ጣና በደረቀበት ዘመን የሐይቁ ውኃ በፏፏቴው አልወረደም ማለት ነው። ስለዚህ ፏፏቴው ሲቆም የሰው ልጅ የመጀመሪያው ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ተፈጥሮ የሰጠውን የነሣችው ዝናምን በማስቀረት ነው፤ ሰው ግን ዝናሙ እየዘነመ፣ ሐይቁም ሞልቶ ሳለ ሊነሣው ይችላል።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ሠሪዎች እንመለስ። ዓባይ ጐጃምን ከበጌምድር የሚለይ ወሰን ነበረ። በበጋ በመልካው ይሻገሩታል፤ በጣና አጠገብም በደንገል ታንኳ ይቀዝፉታል። በክረምት ግን ወንዙ ሲሞላ ነጋዴው ሸቀጡን ይዞ፣ ጭፍራውም ስንቁን ይዞ በዳር ይቀር ነበር። ከፏፏቴው በታች ግን ዓላታ በሚባለው ስፍራ ታላቁ ወንዝ በሁለት ዐለቶች መካከል ተጨንቆ በጠባብ ስንጥቅ ያልፋል። ከ1625 እስከ 1634 ዓመት በአገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ እንደ ጻፈው፣ ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ሰዎች በእነዚህ በሁለቱ ዐለቶች ላይ ግንድ ያጋድሙ ነበር፤ አንድ ሠራዊት በሙሉ በዚያ ላይ እንደ ተሻገረም ተነግሮታል። ይህ ነገር የሚያስተምረን አለ። የድልድዩን ስፍራ የመረጠው መሐንዲስ አልነበረም፤ የአገሩ ሰው በግንድ ሲሻገር አስቀድሞ መርጦት ነበር።

በ1626 ዓመት ገደማ ዐፄ ሱስንዮስ፣ በስመ መንግሥታቸው ሥልጣን ሰገድ፣ በዚያው ስፍራ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ አሠሩ። ዛሬ መንገደኞች የፖርቱጋል ድልድይ ሲሉት ይሰማል። ነገር ግን ሎቦ ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ ግንበኞችን ከህንድ እንዳስመጡ ጽፏል። ያሠሩት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት፣ የገነቡት የህንድ አገር ጥበበኞች፣ ድንጋዩን የተሸከመው የአገሩ ሕዝብ ከሆነ፣ ስሙን ለፖርቱጋሎች ብቻ መስጠት ከታሪክ ጋር አይስማማም። በዚያው ዘመን ድንጋይን በኖራ ማያያዝ በአገራችን እንደ አዲስ ጥበብ ይቈጠር ነበር፤ በደንቀዝ የተሠራው የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትም በዚሁ ጥበብ የተገነባ ነው። በሎቦ አነጋገር ይህ በዓባይ ላይ የታየው የመጀመሪያው ድልድይ ሲሆን፣ አውራጃዎቹ እንዲገናኙና ንግድ እንዲበረታ አድርጓል።

ድልድዩ ስለ ምን ጸና? ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ዓመት ደርሶ አይቶት ነበርና የሰጠው መግለጫ መልሱን ይነግረናል። ቅስቱ አንድ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ግን በወዲያና በወዲህ በጽኑ ዐለት ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። ግራና ቀኝ የነበረው መከለያ ግንብ በዚያን ጊዜም ፈራርሶ ነበር፤ ብዙ ጊዜ እንደ ተጠገነና ብዙ ጊዜም ሊያፈርሱት እንደ ሞከሩ ምልክቱ ይታይ ነበር። ሠሪዎቹ በወንዙ መካከል አንድ ዓምድ እንኳ አላቆሙም። ውኃው የሚፈልገውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ለቀቁለት፤ ለራሳቸው የወሰዱት ከበላዩ ያለውን አየር ብቻ ነው። ከፏፏቴው ጠርዝ ይልቅ ውኃው ዐለቱን ቈፍሮ ባለፈበት ስፍራ መሥራታቸውም ታላቅ ጥቅም ሰጥቷቸዋል፤ የሚሸሸው ፏፏቴ ከእነርሱ ይርቃል እንጂ ወደ እነርሱ አይመጣምና።

ድልድዩ የተሠራበት ዘመን ለአገራችን የሰላም ዘመን አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓመት የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን ገለጹ፤ በ1626 ዓመትም ለጳጳሱ መታዘዛቸውን በይፋ አስታወቁ። ከዚህም የተነሣ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሥቶ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም በ1632 ዓመት የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ተዉ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በ1636 ዓመት ጐንደርን ቈረቈሩ። ድልድዩን ግን አላፈረሱም። እንዲያውም በግንብና በቅስት ሥራ የታወቁት እርሳቸው ሆኑ፤ ከጢስ ዓባይ በታች ርቆ የሚገኘው ሰባራ ድልድይም ለእርሳቸው ይሰጣል። የእንግዶቹን ትምህርት ሲጥሉ ኖራቸውን አልጣሉም። የማይጠቅመውን ከሚጠቅመው መለየት ማለት ይህ ነው።

ሰባራ ድልድይ የሚለው ስምም የራሱ ትምህርት አለው። ያ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ለብዙ ዓመታት ሳይጠገን ስለ ቀረ፣ የወዲህና የወዲያ ሰዎች በገመድ እየተጐተቱ ይሻገሩ ነበር። ገደል የሚለያቸው ሰዎች ድልድይ ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት ሲሰበር ነው።

ከሎቦና ከብሩስ ጋር አንድ ሌላ ክርክር ተያይዞ ይነገራል፤ ለጕዳያችንም ይጠቅማል። ሎቦ ከፏፏቴው ሥር ገብቼ ውኃው ከፊቴ እንደ መጋረጃ ሲወርድ በዐለቱ ላይ ተቀመጥሁ፤ ብዙ ቀስተ ደመናም አየሁ ብሎ ጽፏል። መጽሐፉ በ1728 ዓመት በፈረንሳይኛ፣ በ1735 ዓመትም ስመ ጥሩው የእንግሊዝ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በእንግሊዝኛ ተርጉሞት በአውሮፓ ተነበበ። ብሩስ ግን ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም፤ ከግርጌው ያለው ጥልቅ ጕድጓድ ሰውን አያስጠጋም ብሎ ተቈጣ። ሎቦንም ሐሰተኛ አለው። ነገር ግን ብሩስ የደረሰው ወንዙ በዝናም ጨምሮ ሳለ እንደ ነበረ፣ ውኃውም ሳይከፋፈል በአንድ ወርድ ይወርድ እንደ ነበረ ራሱ ተናግሯል። ውኃው ሲያንስ ፏፏቴው ይከፋፈላል፤ ብዙ ዐለትም ይገለጣል። ስለዚህ አንደኛው ዋሸ ከማለት በፊት፣ ሁለቱ ያዩት ፏፏቴ አንድ ዓይነት አልነበረም ማለት የተሻለ ፍርድ ይመስለናል። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጢስ ዓባይ በመስከረም አንድ፣ በግንቦት ሌላ ነው። የጣና ሐይቅ ክረምቱን ተቀብሎ በቀስታ ስለሚለቅ ፏፏቴው ከሁሉ የሚበረታው በመስከረም ነው፤ ከሁሉ የሚደክመውም ክረምቱ ሳይገባ በፊት ነው።

ከብሩስ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። ዓባይን የሚፈልጉት ሰዎች ጠባይም ተለወጠ። ፊተኞቹ መልኩን ሊያዩ ይመጡ ነበር፤ ኋለኞቹ ግን ውኃውን ሊለኩ መጡ። በ1902 ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፣ በዓባይና በጣና ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ ተጻፈ። በ1927 ዓመትም ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ተልከው ስለ ጣና ግድብ ከአንድ የኒው ዮርክ መሐንዲሶች ማኅበር ጋር ተነጋገሩ፤ ምርመራውም ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን በ1935 ዓመት የመጣው ጦርነት አሳቡን አጠፋው። ይህ ሁሉ የተደረገው ከጣና የሚወጣው ውኃ ወደ ሱዳን ወሰን ከሚደርሰው ከዓባይ ውኃ መካከል ከ10 እጅ አንዱን እንኳ ሳይሞላ ነው። የዓባይ ታላቁ ውኃ የሚመጣው ከጣና በታች ከሚገቡት ወንዞች ነውና።

ሁለተኛዎቹ ሠሪዎች የመጡት በባሕር ዳር ከተማ ምክንያት ነው። በ1961 ዓመት በጣልያን የጦር ካሣ ገንዘብ በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። ፋብሪካው ኀይል ያስፈልገው ነበርና በ1964 ዓመት የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተከፈተ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፏፏቴው በላይ ከወንዙ ዳር ቦይ ይወጣል፤ ውኃው በቦዩ ተመርቶ በቧንቧ ወደ ታች ይወርድና መዘውሩን ያዞራል፤ ከዚያም ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። እንግዲህ መሐንዲሱ የሠራው ለፏፏቴው ሁለተኛ መንገድ ማበጀት ነው። በመንገዱ የሄደው ውኃ በፏፏቴው አይወድቅም። የዚህ የመጀመሪያው ማመንጫ ኀይል 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለ ነበረ የወሰደው ጥቂት ነው፤ ፏፏቴውም ሙሉ ሆኖ ኖረ። በ1976 ዓመት በወጣው የ1 ብር ወረቀት ጀርባ የታተመውም ሥዕሉ ነው። ለብዙ ዓመታት ጢስ ዓባይን በዓይኑ ያላየ ኢትዮጵያዊ በእጁ ይይዘው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ኋላ ነው። በ1996 ዓመት ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ ጨረጨራ የሚባለው መዝጊያ ያለው ዝቅተኛ ግድብ ተሠራ። የክረምቱን ውኃ አጠራቅሞ በበጋ ለመልቀቅ ታስቦ ነበር። በ2001 ዓመትም መዝጊያዎቹ ተጨመሩ፤ 73 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የዚህን ውጤት አንባቢ ራሱ በሒሳብ ሊያገኘው ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ በየሰከንዱ 50 ሜትር ያህል ቢወርድ፣ ምንም ሳይባክን፣ 490 ኪሎ ዋት ያህል ኀይል ይሰጣል። 73,000 ኪሎ ዋት ለማግኘት እንግዲህ በየሰከንዱ ወደ 150 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል። ከጣና በዓመት የሚወጣው ግን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ይህም ለዓመቱ ሰከንዶች ሁሉ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 127 ሜትር ኩብ ያህል ይደርሳል። ማመንጫው በሙሉ ኀይሉ ልሥራ ቢል ወንዙ በአማካይ ካለው ይልቅ ይበልጥ ይጠይቃል ማለት ነው። ለፏፏቴው የሚተርፍ ድርሻ በሒሳቡ ውስጥ አልተጻፈም።

እንደ ሒሳቡም ሆነ። ከ2001 ዓመት በኋላ በበጋው ወራት አብዛኛው ውኃ በቦዩ ሲሄድ ሰፊው ጠርዝ ጥቁር ዐለቱን አስጥቶ ቀረ፤ ከጥግ በኩል ቀጭን ውኃ ብቻ ይወርድ ጀመር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት በዚያ ስፍራ በዓይን ታየ። ከብናኙ ርጥበት የሚያገኘው ልምላሜ ተጐዳ፤ እንግዳ እየመራ የሚኖረው የመንደሩ ሰውም ገበያው ቀዘቀዘ። በላይም በሐይቁ ላይ ጕዳት ደረሰ። በ2003 ዓመት ዝናም አንሶ ሳለ ውኃው ለኀይል ሲለቀቅ የጣና ወለል እጅግ ዝቅ አለ፤ በሐይቁ ላይ የሚመላለሱት መርከቦች ለወራት ሥራቸው ተቋረጠ፤ ብዙ የደንገል መስክም ደረቀ። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ምእመናንና ገበያተኞች ይህን ጊዜ ያስታውሱታል።

ከዚያ በኋላ በ2010 ዓመት የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ይህ ሥራ ውኃውን ከሐይቁ በምዕራብ በኩል አውጥቶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ያስኬደዋል፤ ከዚያም ከ300 ሜትር በላይ ወደ በለስ ወንዝ ይጥለዋል። ኀይሉ 460 ሜጋ ዋት ነው። አንዱ ሜትር ኩብ ውኃ በበለስ በኩል ሲወርድ በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው 6 እጅ ያህል ስለሚሰጥ፣ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች በአብዛኛው ተጠባባቂ ሆኑ። ለፏፏቴው ግን ይህ ግማሽ ዕረፍት ብቻ ነው፤ በበለስ የሄደው ውኃ በጠርዙ በኩል አይመጣም፤ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ብዙ ርቆ በቈላው ነውና።

በዚህ ነገር ፍርድን ማዛባት አይገባም። መብራት ለሌለው ሕዝብ መብራት መስጠት ትልቅ በጎ ሥራ ነው። በባሕር ዳር ፋብሪካ የሠራው ሠራተኛ ልጆቹን ያሳደገው፣ ተማሪው በማታ ያነበበው፣ ሐኪም ቤቱ መሣሪያውን ያንቀሳቀሰው በዚያ ውኃ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ፏፏቴው ለዓይን ብቻ ይቅር ብሎ መናገር የጠገበ ሰው ንግግር ይሆናል። ስሕተቱ ከውኃው መውሰዱ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚተው አስቀድሞ አለመወሰኑ ነው። ያልተወሰነ ድርሻ ደግሞ በችግር ቀን ሁልጊዜ ወደ ኀይለኛው ያደላል።

ይህ እንዲወሰን ማድረግ እንደሚቻል ናያጋራ ምስክር ነው። በናያጋራ ዳር ፋብሪካዎች በዝተው ዳርቻውን ሲያበላሹት የኒው ዮርክ ግዛት በ1885 ዓመት ስፍራውን ለሕዝብ ከልሎ ያዘው። በ1950 ዓመትም አሜሪካና ካናዳ በውል ተስማሙ። ጐብኚ በሚበዛባቸው ወራት በቀን በየሰከንዱ ከ100,000 ኪዩቢክ እግር፣ ማለት ከ2,800 ሜትር ኩብ ያላነሰ ውኃ በፏፏቴው ይወርዳል፤ በሌሊትና በሌላው ወራት ግን የዚህ እኩሌታ ይበቃል፤ የተረፈውን ሁለቱ አገሮች ለኀይል ይካፈሉታል። ሁለት መንግሥታት ፏፏቴውን እንደ ሦስተኛ ባለ ድርሻ ቈጥረው ድርሻውን ጻፉለት። ኀይሉንም አላጡም፤ ፏፏቴውንም አላጡም። እንዲያውም በጠርዙ የሚወርደው ውኃ ስለ ቀነሰ ዐለቱ የሚናድበት ፍጥነት ዝግ ብሏል። በልክ የተደረገ መውሰድ ለፏፏቴው ዕድሜም ይጠቅማል።

ለጢስ ዓባይም እንዲህ ያለ ልክ ማበጀት ከዛሬ የሚቀልበት ጊዜ አልነበረም። በመስከረም 2025 ዓመት የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኀይል 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የጢስ ዓባይ ሁለት ማመንጫዎች ተደምረው 85 ሜጋ ዋት እንኳ አይሞሉም። በ2001 ዓመት ይህ 85 ለአገሪቱ ብዙ ነበረ፤ ዛሬ ግን ከስድሳ አንድ ነው። የሚያስፈልገውም ውኃውን ሁሉ መመለስ አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት ሐይቁ ሲሞላ ለሁሉም ይተርፋል። ጭንቁ ከጥር እስከ ሰኔ ነውና ለእነዚያ ወራት በየሰከንዱ ምን ያህል በጠርዙ እንደሚወርድ፣ ሐይቁም ከየትኛው ወለል በታች እንዳይወርድ በቍጥር ተጽፎ በሕግ ቢታወቅ፣ መርከበኛውም፣ ገዳሙም፣ የመንደሩም ሰው፣ መሐንዲሱም ድርሻውን አውቆ ይኖራል።

የዓላታ ድልድይ እስከ ዛሬ ቆሞ ሰውና ከብት ይሻገሩበታል። ወደ ፏፏቴው የሚሄድ መንገደኛም በእግሩ ያልፍበታል። ያሠሩት ንጉሥ ብዙ ስሕተት ሠርተዋል፤ በዘመናቸውም ብዙ ደም ፈስሷል። ይህ አንዱ ሥራቸው ግን ሰውን ሳያስቸግር፣ ወንዙንም ሳይነካ 400 ዓመት አገለገለ። የዛሬ መሐንዲሶች ከዚያን ጊዜ ግንበኞች ይልቅ እጅግ የበለጠ ዕውቀት አላቸው። ስለዚህ ከእነርሱ የምንለምነው ቀላል ነገር ነው፤ ከፏፏቴው የሚወስዱትን ሲለኩ የሚተዉለትንም አብረው ይለኩ።